ጠያቂ የበዛበት ጉልበት

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ቢቸና ገበያ መሀል ሳልፍ እግሩን የሚሰበስብ ሰው አላጣም። እህል ዘርግተው ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ታየኝና «ኧረ መጣች ያቺ ጨካኝ!» ብላ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ትጥላለች። እኔም እስቃለሁ። ምን ላድርግ? ሥራዬ ሰው ማስጮህ ነበር። ተሰብሮ የተጠገነ ክንድ ማንቀሳቀስ፣ ሽባ የሆነ እጅ ማንኪያ እንዲጨብጥ ማስለመድ፣ የተቀየረ ጉልበት ማጠፍ፣ ይሄ ሁሉ ያለ ጩኸት አይሆንም። ሰው ሐኪም ሲል ህመም የሚያስታግስለትን ነው የሚያስበው። እኛ ፊዚዮቴራፒ የምንሠራ ደግሞ ህመሙ ሊተወው ሲል ደርሰን የምንቀሰቅስ ነን። ስለዚህ ምርቃቱንም እርግማኑንም እኩል ጠግቤ ነው የወጣሁት።

ስለ ደሞዙ አታንሱብኝ፤ ጡረታውም የሱው ልጅ ነው። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ አንድ ጉልበት ነው። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጉልበት አይቻለሁ፤ እንደዚህኛው ያንገበገበኝ ግን የለም። የማን ጉልበት እንደሆነ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ሞጣ ልውሰዳችሁ።

ሞጣ የተመደብኩት ገና ልጅ ሳለሁ፣ በነርስነት ነው። ብዙም ሳልቆይ የነርሶቹ አለቃ ማትሮኗ «አንቺ ጠንካራ ትመስያለሽ፤ ጋሽ ውበቱ ዘንድ ሂጂ» ብለው ከግቢው ጥግ ወዳለች አንዲት ክፍል ላኩኝ። ጋሽ ውበቱ አዲስ አበባ ሄደው ፊዚዮቴራፒ የተማሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጡ ሰው ናቸው። ክፍላቸው ውስጥ ያለው አንድ አልጋ፣ ሁለት ዱካና ግድግዳ ላይ የተመታ የእንጨት መደገፊያ ነው፤ አለቀ። ገብቼ ሰላም ስል ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «እጅሽን አሳዪኝ» አሉኝ። አገላብጠው አዩትና «ይሞቃል፤ ደግ ነው። ቅዝቃዜውን እኛ ስንፈልግ ነው የምናመጣው» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

ክረምት ነበርና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ሲሸሽ እሳቸው ባልዲ አንስተው ወደ ውጭ ሮጡ። ያበዱ መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ። «ምን ተገትረሽ ታዪኛለሽ? ሳይቀልጥ ዛቂ እንጂ!» አሉኝ። ሁለታችንም አናታችንን እየተደበደብን ባልዲውን ሞላነው። ክፍሉ ውስጥ ከበቅሎ የወደቀ ገበሬ ተኝቷል፤ ጉልበቱ አብጦ ቅል አክሏል። በረዶውን በፎጣ ጠቅልለው ሊያስቀምጡበት ሲሉ እናቱ እሪ አለች። «ልጄን በብርድ ልትገድሉብኝ! ኧረ የሰው ያለህ!»

አልፈረድኩባትም። በእኛ አገር ብርድ መች የአየር ጠባይ ብቻ ሆነና! ጎን ሲወጋ ብርድ ነው፤ ወገብ ሲይዝ ብርድ ነው፤ አራስ ሲያተኩሳት ብርድ ገብቷት ነው። እኔም እንዲያ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ጋሽ ውበቱ ሴትዮዋን አልተከራከሯትም። ዱካ ስበው ከልጇ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ የሱሪያቸውን እግር ጠቀለሉ፤ በረዶውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን የራሳቸው ጉልበት ላይ፣ ግማሹን የልጇ ጉልበት ላይ አደረጉ። «እንግዲህ ብርድ ከገደለ ሁለታችንንም ነው። ያቺ የጣለችህ በቅሎ የማን ናት?» ብለው የበቅሎ ወሬ ጀመሩ። እናትየው አንዴ የእሳቸውን፣ አንዴ የልጇን ፊት እያየች ቆየችና ተቀመጠች።

ሥራውን ከእሳቸው ነው የተማርኩት። በረዶ ቆዳ አይነካም፤ መሀሉ ላይ እርጥብ ጨርቅ አለ። ሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጣል፤ አብዝቶ ማቆየት ቆዳውን ማቃጠል ነው። በየመሀሉ ጨርቁን ገለጥ አድርገው በጣታቸው ይነኩና «ይሰማሃል?» ይላሉ። ስኳር ላለበት ሰው አብልጠው ይፈሩለታል፤ እግሩ ቢቃጠል እንኳ ላያውቀው ይችላልና። የእጃቸውን ጀርባ አንዴ በታመመው ጉልበት፣ አንዴ በደህናው ላይ አድርገው ሙቀቱን ያመዛዝናሉ። ከሁሉ የሚደጋግሙልኝ ግን ይሄን ነበር፦ «ስሚ ዓለሜ፣ በረዶ ጉልበት አያጥፍም። ህመሙን ያስተኛልሻል እንጂ። ህመሙ ተኝቶ ሳለ ማጠፍ ያንቺ ፋንታ ነው። ከነቃብሽ አበቃ።»

«አይዞህ» የሚባል ቃል ካፋቸው አይወጣም። «እሱን ለሚሞት ሰው በይ» ይሉኛል። በሱ ፋንታ እያንዳንዱን በሽተኛ «ይሄን እግር ምን ልታደርግበት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። ኋላ አንዱ «ላርስበት» ይላል፤ አንዷ «ቆሜ ላስቀድስበት» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው በጮኸ ቁጥር መልሱን ይመልሱለታል፦ «በሬዎችህ ቆመው እየጠበቁህ ነው፤ እጠፍ!»

አንድ ነገር ግን አይታገሡም፤ ጠያቂ። የኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሰው ታመመ ሲባል መንደሩ ይነቀላል። በሽተኛው ጉልበቱን ሊያጥፍ ሲል አክስቱ «ኧረ ተዉት፣ ይረፍበት!» ትላለች፤ እሱም እሷን ሲያይ ይለግማል። ስለዚህ ጋሽ ውበቱ በሩ ላይ ይቆሙና «ጠያቂ ይውጣ!» ይላሉ። ጠያቂው ቄስ ከሆኑ መስቀላቸውን ይሳለሙና በሩን ያሳያሉ። ሰይድ የሚባል ወጣት የሞጣ ነጋዴ ክንዱ ተሰብሮ ሲታከም አባቱን ጭምር አስወጡበት። ልጁ ተቀይሞ ሦስት ቀን አላናግር አላቸው። ክንዱ ተመልሶ ኩንታል ሲያነሳበት ግን ከወዳጆቻቸው ሁሉ የበለጠ ወዳጅ ሆነ። መብራት በደንብ ከገባ በኋላ ለለስላሳ መሸጫ ፍሪጅ ሲያስመጣ ታችኛውን መደርደሪያ ለጋሽ ውበቱ ለቀቀላቸው። በላስቲክ የረጋ በረዶ በየጠዋቱ ይልክልን ጀመር፤ እኛም ክረምት መጠበቅ ተውን።

ከዓመታት በኋላ እኔ ወደ ቢቸና ተዛወርኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ «ሥራሽ ማሸት ነው አይደል?» ብሎ ክፍሌን የፍራሽ መጋዘን አደረጋት። እኔም በሽተኞቼን ፍራሹ ላይ እያስተኛሁ ሠራሁ። ሌላው አለቃ ደግ ነበር፤ እሱ ግን አልቆየም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አዲስ አበባና ባሕር ዳር ጉልበታቸውን ያስቀየሩ ሰዎች ይመጡልኝ ጀመር። ያለቀው አጥንት ተከርክሞ ብረትና ፕላስቲክ ይገባል። ቀዶ ጥገናው የሐኪሙ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት ግን የኛ ናቸው። በነዚያ ሳምንታት ውስጥ ጉልበቱ ካልታጠፈ ውስጡ ጠባሳ ይይዝና ይደርቃል። በረዶ አድርጌ እብጠቱን እቀንሳለሁ፤ ከዚያ ተረከዙ እንዲንሸራተት ከሥሩ ፌስታል አንጥፌ «ሳብ!» እላለሁ። በሽተኛው ይጮኻል። እንዲህ እየጮኹ የወጡት ዛሬ ባጃጅ ተሳፍረው ገበያ ይሄዳሉ፤ እኔን ጨካኝ የሚሉኝም እነሱ ናቸው።

ጋሽ ውበቱ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ቢቸና መጡ። ስንቱን ሰው ሲያነሱ ሲያስቀምጡ የኖሩ ናቸውና ቀኝ ጉልበታቸው አልቆ ነበር። ከልጃቸው ከሰብለ በቀር የሚጦራቸው አልነበረም። ሰብለ ደግሞ ለረጅም ዘመን አልጋ ላይ የወደቁ እናቷን ስታስታምም ወጣትነቷ አለፈ። እናቷን ቀብራ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ባሕር ዳር ከጓደኛዋ ጋር ልብስ ስፌት ከፈተች። ለበዓል ስትመጣ ብታዩዋት! ፊቷ በርቶ፣ ሳቋ ከውጭ እየተሰማ። አባቷ ከአልጋ መውረድ ሲያቅታቸው ግን መቀሷን አስቀምጣ መጣች።

ያኔ ነው ጉልበቴን አስቀይራለሁ ያሉት። ዘመድ ተረዳድቶ አዲስ አበባ ወሰዳቸው፤ ቀዶ ጥገናው አምሮ ተመለሱ። በተመለሱ ማግስት በረዶዬንና ፎጣዬን ይዤ ሄድኩና፣ እንደ ቀልድም አድርጌ «ጋሼ፣ ይሄን እግር ምን ሊያደርጉበት ነው?» አልኳቸው። አልሳቁም። ሰብለ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ በመስኮት ይታያል። እሷን እያዩ «ልጄን ልለቅበት ነው፤ የናቷ ይበቃታል። ከጓደኛዋ ጋር እስከ ፋሲካ ማግስት ተቃጥራለች። እስከዚያ በገዛ እግሬ ወጥቼ መግባት አለብኝ» አሉኝ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መልካም ነበሩ። በረዶ አስቀምጬ፣ ተረከዛቸውን እያስሳብኩ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ያጥፉልኝ ነበር። የህመም ማስታገሻው ጨጓራቸውን ስላቃጠለው አስቆሙት፤ የቀረን በረዶው ብቻ ነው። እሱም ይበቃን ነበር።

ከዚያ ጠያቂ መጣ።

እኔ ብዙ በሽተኛ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጠያቂ ግን አይቼ አላውቅም። ለካ ያስነሷቸው ሁሉ፣ ያስኬዷቸው ሁሉ፣ ልጃቸውን ያዳኑላቸው ሁሉ ይሄን ቀን ሲጠብቁ ኖረዋል! ከሞጣ፣ ከደብረ ወርቅ፣ ከየገጠሩ ይመጣሉ። ማር ይዘው፣ እንቁላል ይዘው፣ ዳቦ ተሸክመው። «እግዜር ይማርዎ፣ ምሕረቱን ያውርድልዎ» እያሉ እግራቸው ላይ ይወድቃሉ። አንዱ ቆሞ እየረገጠ «ይኸው፣ ያስነሱልኝ እግር!» ይላል። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ላይ እኔም አለቀስኩ።

ኋላ ግን ማልቀሱን ተውኩት። ጠያቂ ባለበት በረዶ አይወጣም፤ ጠያቂ ባለበት ጉልበት አይታጠፍም፤ ጠያቂ ደግሞ ሳይነጋ መጥቶ ሲመሽ ነው የሚሄደው። ራስጌያቸው የተቀመጡት ታላቅ እህታቸው እትዬ ጥሩ ናቸው። እናታቸው ስትሞት ጋሽ ውበቱን አዝለው ያሳደጉ፣ ያገር ሽማግሌ የሚያፍራቸው ሴት ናቸው። ገና ከደጅ ሲገቡ መስኮቱን ይዘጋሉ፤ በጋቢ ላይ ጋቢ ይደርባሉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያቺ ትራስ! «ወንድሜን ይመቸው» ብለው ጉልበቱ ሥር ይወሽቃሉ። እኔ አወጣታለሁ፤ እሳቸው ይመልሷታል። ከጉልበት ሥር ትራስ ከኖረ እግሩ ጎበጥ ብሎ ይቀራል፤ መዘርጋቱን ይረሳዋል። ይሄን ብነግራቸው «አንቺ ልጅስ ክፉ አይደለሽም፤ ሥራሽ ነው ክፉ» አሉኝ።

ያን ሰሞን ቢቸና መብራት ብርቅ ሆነ። በረዶ ጠፋ። ይሄን የዛሬው ሐጂ ሰይድ፣ ያ ክንዱ ተሰብሮ የነበረው ነጋዴ፣ ሞጣ ሆነው ሰሙ። ጄኔሬተር አላቸውና በረዶውን አርግተው፣ በካርቶን ውስጥ ጭድ ጠቅጥቀው፣ በራሳቸው መኪና ይዘው መጡ። እኔ ስደርስ ካርቶኑ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ እሳቸው ከጠያቂው መሀል ሻሻቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። ቤቱ ጢም ብሏል። ጋሽ ውበቱ በጋቢ ተጀቡነው፣ ያቺው ትራስ ጉልበታቸው ሥር ሆና፣ ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል። ህመሙ ሲጠዘጥዛቸው ከንፈራቸው እንደሚገረጣ እኔ አውቃለሁ።

አንድ ሽማግሌ ስለ አንድ ቀዶ ጥገና ስላደረገ ሰው እያወሩ ነው። «ድኖ ነበር እኮ! አንድ ቀን ደጅ ቁጭ ብሎ ብርድ ገባው፤ በሳምንቱ ቀበርነው።»

«ኧረ አትንገሩኝ!» አሉ እትዬ ጥሩ፣ ጋቢውን እያጠበቁ። «የቁስል ብርድ ምን መድኃኒት አለው!»

ወደ አልጋው ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ በረዶውም መጥቷል» አልኳቸው፣ በሹክሹክታ። ካርቶኑን አዩ። እህታቸውን አዩ። «ቆዪ ዓለሜ፤ እንግዶቹ ይጫወቱ» አሉኝ።

ቆየሁ። አንዱ ሲወጣ ሁለቱ ይገባሉ። ሐጂ ሰይድ ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፈት አድርገው ዘጉት። በሰው ቤት፣ እትዬ ጥሩን በመሰሉ ትልቅ ሴት ፊት ምን ብለው ይናገሩ! ካርቶኑ ከሥሩ ይርስ ጀመር። ውሃው ወለሉ ላይ ቀጭን መንገድ ይዞ ሰዎቹ ወደተቀመጡበት መጣ። አንዲት ሴት እግሯን ሰብስባ «ምነው፣ ይሄ ውሃ ከየት ነው?» አለች። ሁሉም ወደ መሬት አየ። እኔ ወደ ጋሽ ውበቱ አየሁ። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን እንደ ድሮው በሩን ያሳያሉ ብዬ ጠበቅኋቸው።

«እንስራው ሳያፈስ አይቀርም» አሉ ጋሽ ውበቱ። «ሰብለ፣ ጥረጊው እስቲ።»

ሰብለ ጨርቅ ይዛ መጣች፤ ተንበርክካ የገዛ መድኃኒታቸውን ከወለሉ ላይ ጠረገችው። ባልዲ ውስጥ ጨምቃ ደጅ ደፋችው። ቀና ብላ ማንንም አላየችም።

ሐጂ ሰይድን እስከ መኪናቸው ሸኘኋቸው። በሩን ከፍተው ሳይገቡ ቆሙ። «ሲስተር፣ እኒህ ሰውዬ አባቴን ከፊቴ አስወጥተው ክንዴን አዳኑልኝ። እኔ ዛሬ አንዲት ቃል አቃተችኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ» አሉኝና ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ።

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ሰው ከወጣ በኋላ ተመልሼ ገባሁና «ጋሼ፣ የቄስ መስቀል ተሳልመው በሩን ያሳዩ የነበሩት እርስዎ አይደሉም? ምን ነካዎት?» አልኳቸው። ድምፄ ጮክ ብሎ ነበር።

«እዚያ ባለሥልጣን ነበርኩ፤ ቤቱም የመንግሥት ነበር» አሉ። «ይሄ ቤቴ ነው። ሰው በቤቱ እንግዳ ያባርራል? ለዚያውም ማር ይዞ የመጣ! እህቴንስ ምን ልበላት? አዝላ ላሳደገችኝ ሴት፣ አንቺ አታውቂም ልበላት?»

«ሰብለስ?» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

የምችለውን ሁሉ ሞከርኩ። ሰብለን በር ላይ አቁሜ «ተኝተዋል» አስባልኳት፤ ጠያቂው ግቢው ውስጥ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እስኪነቁ ይጠብቃል። እሳቸውም የጠያቂውን ሳል ይሰሙና «ማነው እዚያ? ግቡ እንጂ!» ይላሉ። አንድ ቀን ራሴ መሀል ቆሜ ሁሉን ነገር አስረዳኋቸው፦ ጉልበቱ እየደረቀ ነው፤ በረዶ ያስፈልገዋል፤ ብቻቸውን መሆን አለባቸው። በጥሞና ሰሙኝ። «እውነትሽን ነው፣ የተማረ ይግደለኝ» አሉ። በማግስቱ መጡ፤ እንዳያስቸግሩ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጫወቱ ዋሉ! «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ይላል አንዱ፤ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ሲነጋ ቀድሜ እየሄድኩ፣ ውሃ ውጭ አሳድሬ፣ በቀዘቀዘ ፎጣ ጥቂት ቀን ሠራን። ትንሽ ታጠፈ። ሰብለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ተረከዛቸው ወደ ኋላ ሲሳብ በዓይኗ ትለካ ነበር። «አባባ፣ ትናንት እዚህ ነበር፤ ዛሬ እዚህ ደርሷል!» ብላ ፌስታሉ ላይ በጣቷ አሳየቻቸው። እሳቸውም እያቃሰቱ ሳቁ። ቢያንስ ባጃጅ ውስጥ የሚቀመጥ ጉልበት እናገኛለን ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ፋሲካ ሲደርስ ግን ያገሩ ዘመድ ሁሉ እዚያው አደረ፤ ወለሉ ላይ ሰው ተኝቶ መረገጫ ጠፋ። በዓሉ አልፎ ጉልበታቸውን ስይዘው እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኖ ጠበቀኝ። ሳይታጠፍም ሳይዘረጋም መሀል ላይ ቆሟል።

ያከሟቸውን ሐኪም በስልክ አገኘኋቸው። «ቶሎ ይምጡ፤ አደንዝዘን እናጥፈዋለን። ከቆየ ግን አይሆንም» አሉ። መኪና ተለመነ፤ ሰብለ ሻንጣ አሰረች። በሳምንቱ ልንነሳ ስንል መንገዱ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ ለዚህ አገር ሰው መንገር አያስፈልገኝም። ስልኩም ጠፋ። እኛ እዚያው ተቀምጠን ጉልበቱ በየቀኑ እጄ ውስጥ ሲሞት አየሁት። መንገዱ ሲከፈት ሐኪሙ የላክንላቸውን የራጅ ምስል አይተው፣ አሁን ከሆነ እንደገና መቅደድ ነው አሉ። ጋሽ ውበቱ «ሁለተኛ አልቀደድም» አሉ፤ ማንም አልገፋቸውም።

ዛሬ በሁለት ምርኩዝ ከአልጋ እስከ ደጃፍ ይደርሳሉ። ዱካ ላይ መቀመጥ አይችሉም፤ ባጃጅ አይገቡም፤ መጸዳጃ ቤት ሰብለ ናት የምትደግፋቸው። የስንቱን አካል እያስነሳ የኖረ ሰው፣ ይሄ ይገባው ነበር? አይገባውም። በማን ልፍረድ ግን? ክፉ ሰው ብፈልግ አጣሁ። ሁሉም የወደዷቸው ናቸው። እኔን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ባባረርነው ነበር።

ባለፈው እሁድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እኔም እንግዲህ ጡረታ ወጥቼ ጠያቂ ሆኛለሁ። ቤቱ እንደ ልማዱ ሰው አለበት። ጥጉ ላይ በገመድ የታሰረ፣ አቧራ የለበሰ የስፌት መኪና ተቀምጧል፤ ባሕር ዳር ያለችው ጓደኛዋ ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻለችምና የሰብለን ድርሻ በአውቶቡስ ጭና ልካላታለች። ሰብለ ገመዱን አልፈታችውም። ጠላ እየቀዳች በመኪናው በኩል ባለፈች ቁጥር ቀሚሷን ሰብሰብ ታደርጋለች።

እትዬ ጥሩ መኪናውን አይተው ደስ አላቸው። «እሰይ ልጄ! እዚሁ ሆነሽ ትሰፊያለሽ። ባሕር ዳር ምን አለሽና! የታደለ አባት ነው እንዳንቺ ያለች ልጅ ያለችው» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ሰው ሁሉ ለምርቃቱ ከመቀመጫው ቀና አለ። «እናትሽን እንደጦርሽ፣ እንደቀበርሽ፣ የአባትሽም ጧሪ ቀባሪ ያድርግሽ። ከዚህ ቤት አያውጣሽ!»

«አሜን!» አለ ቤቱ በሙሉ።

ሰብለም ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች፣ አንገቷን ደፍታ «አሜን» አለች።

ጋሽ ውበቱ ብቻ አሜን አላሉም።